የዒድ ልብስ ለዒድ እንዲደርስ

በመካከለኛው ሪያድ የሚገኘው ሹመይሲ፣ ዛሬ የንጉሥ ሳዑድ ሜዲካል ሲቲ በሚባለው ነባር ሆስፒታል የሚታወቅ ሰፈር ነው። በእንዲህ ዓይነት ነባር የከተማዋ ሰፈሮች ከሚሠራባቸው አነስተኛ ንግዶች መካከል የሥራ አደረጃጀቱ በግልጽ የሚፈተነው የወንዶች ልብስ ስፌት ነው፤ የፈተናው ወርም ረመዳን ነው። ለዒድ አል-ፊጥር የታዘዘ ቶብ ከዒድ ሶላት በኋላ ቢደርስ ለደንበኛው ምን ይጠቅመዋል?

ቶብ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ቁልፍ ይተከልለታል፣ ተተኩሶም ይረከባል። ሥራ ሲዘገይ ብዙ ባለሱቆች በቅድሚያ የሚያማርሩት የሰው እጥረትን ነው። ነገር ግን ቆራጩ በቀን 12 ቶብ ይቆርጣል፣ ሁለቱ ሰፊዎች በአንድነት 8 ይሰፋሉ፣ ተኳሹም 20 መተኮስ ይችላል እንበል። ሱቁ በቀን የሚያስረክበው 8 ብቻ ነው። በየቀኑ 12 ትእዛዝ የሚቀበል ባለቤት በ15 ቀን ውስጥ ተቆርጦ ያልተሰፋ 60 ቶብ ይከማችበታል። ሁለተኛ ቆራጭ ቢቀጥር ክምሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይልቁንስ ቆራጩ ስፌት የሚያውቅ ከሆነ፣ ስምንቱን ቆርጦ እንደጨረሰ ወደ ስፌት መኪናው ቢዞር ይሻላል።

ክምሩ በመጨረሻ የሚወድቀው በሠራተኛው ላይ ነው። የሳዑዲ የሥራ ሕግ የሙስሊም ሠራተኞችን የረመዳን የሥራ ሰዓት በቀን 6፣ በሳምንት 36 ሰዓት አድርጎ ወስኗል፤ ለትርፍ ሰዓት ሥራም ከሰዓቱ ክፍያ በተጨማሪ የመሠረታዊ ደመወዙን 50 በመቶ እንዲከፈል ያዛል። ትእዛዙን ያልቆጠረ ባለቤት ይህን ወጪ ይሸከማል፤ ሰፊው ደግሞ ለይለቱል ቀድር የምትጠበቅባቸውን ሌሊቶች መኪናው ላይ ያሳልፋል። ይህኛው በገንዘብ የሚካስ አይደለም።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከጨርቁ ጋር የሚታሰር፣ ስም፣ ልክና የመረከቢያ ቀን የተጻፈበት ካርድ፣ እንዲሁም ለተቆረጠው፣ ለተሰፋውና ለተተኮሰው የተለያየ መደርደሪያ ይበቃል። ጃፓናውያን ካይዘን የሚሉት፣ ኢትዮጵያም በ2011 እ.ኤ.አ. ኢንስቲትዩት ያቋቋመችለት አሠራር እንዲህ ባለ ጥቃቅን መሻሻል ላይ የቆመ ነው። ከታኅሣሥ 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳዑዲ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢዎች የሚጠቀሙበት የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሽያጩን ይመዘግባል፤ ጨርቁ የት እንደደረሰ ግን አይናገርም። መጻፍ ለአንባቢው እንግዳ አይደለም፤ ከቁርኣን አንቀጾች ረጅሙ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ብድር እንዲጻፍ የሚያዝ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስሌት ነው። በ8 ሰዓት 8 የሚሰፋ ሱቅ በረመዳን 6 ሰዓት 6 ይሰፋል። ዓርብ ተቀንሶ 20 የሥራ ቀናት ቢቀሩ 120 ቶብ ይሆናል። ከሻዕባን የተላለፈ 40 ቶብ መደርደሪያው ላይ ካለ፣ መቀበል የሚቻለው አዲስ ትእዛዝ 80 ነው። ሰማንያ አንደኛው ደንበኛ በሩ ላይ ሲደርስ ቶቡ ከዒድ በኋላ እንደሚደርስ በዚያው ዕለት ሊነገረው ይገባል፤ ሌላ ሱቅ ለመፈለግ ጊዜ አለውና።