የተመራቂው ምስክርነት በታሪክ ትምህርት ክፍል

በጥንቱ የአብነት ትምህርት ሥርዓት መምህሩ የሚመዘንበት ወረቀት አልነበረም፤ ሚዛኑ ግን ነበረ። የቅኔው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ከዋድላ ወደ ጎንጅ፥ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ ሲሻገር፥ የትኛው ሊቅ ምሥጢሩን እንደሚያራቅቅ፥ የትኛው ደግሞ ተማሪውን ችላ እንደሚል በየመንገዱ ለሚያገኘው ባልንጀራ ይነግር ነበርና፥ የተመሰገነው ጉባኤ እየሰፋ፥ ያልተመሰገነው ወንበር እየሳሳ ይሄድ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የቦሎኛ ተማሪዎችማ ከዚህም አልፈው፥ መምህሩን በማኅበራቸው አማካይነት ራሳቸው ቀጥረው፥ የትምህርቱን ሰዓት ቢያሳልፍ መቀጫ ያስከፍሉት ነበር። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥት ምደባ የሚመጣ፥ ወንበሩ ባይስማማው ተነሥቶ ወደ ሌላ ሊቅ የማይሻገር ስለ ሆነ፥ ቀድሞ በእግሩ ይሰጠው የነበረውን ፍርድ በቃሉ ይሰጥ ዘንድ መንገድ ሊበጅለት ግድ ሆነ፤ ይህም ከመሰናበቱ በፊት የሚሞላው መጠይቅና ከተሰናበተ በኋላ እየተፈለገ የሚጠየቅበት የክትትል ጥናት ነው።

መጠይቁ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ስለ መምህራን ዝግጅት፥ ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ ምዘና እየጠየቀ ከ1 እስከ 5 ባሉት ቁጥሮች መልስ የሚቀበል ነው፤ ሁለተኛው ባዶ መስመር ትቶ «ምን ጎደለ?» ይላል። ቁጥሩ ለሪፖርት ይመቻል። ነገር ግን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶ 70 የሚሆነው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ሲወሰን፥ ለማኅበራዊ ሳይንስ ሁሉ የተረፈው 30 ነበረና፥ ተመራቂዎቹ ዐሥራ ሁለት በሆኑበት የታሪክ ክፍል በመቶኛ ማስላት ቀልድ ይመስለኛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ቢሆን ተማሪው ያወቀውን ይለካል እንጂ ክፍሉ ሳያስተምረው የቀረውን አይናገርም። ስለዚህ ለታሪክ መምህራን ዋናው ሀብት ባዶው መስመር ነው።

የተማሪን ምስክርነት የመቀበል አሠራር በእኛ ሀገር ከመጠይቁ በፊት ሌላ መልክ ነበረው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ፥ ይልቁንም በመምህርነት፥ እንዲያገለግል ያዝ ነበር። ይህ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የታሰበው ለሀገር ልማት ቢሆንም፥ አውራጃውን አይቶና አስተምሮ የተመለሰው ወጣት ከመምህሩ ፊት ሲቀመጥ የጎደለውን ነገር ያውቅ ዘንድ አደረገው። ከዚያ ቀጥሎ በታሪክ ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የሚጽፏቸው የመመረቂያ ድርሰቶች ነበሩ፤ ስለ ትውልድ አውራጃቸው ባላባቶች፥ ስለ ርስትና ስለ ገበያ፥ ስለ ከተሞች አመሠራረት ከአረጋውያን አፍ እየለቀሙ ያቀረቧቸውን እነዚህን ጽሑፎች ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይጠቅሷቸዋል። በእኔ ግምት ለትምህርት ክፍሉ ከቀረቡለት አስተያየቶች ሁሉ ብልጫ ያላቸው እነርሱ ናቸው፤ መጽሐፉ የዘለለውን ስፍራ በጣት ሳይሆን በሥራ ያመለክታሉና።

መጽሐፉ የዘለለው ነገር በአፋር ምድር፥ በአዋሽ ሸለቆ ሲታይ እንዴት እንደሚጎላ ልብ ይሏል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በየዩኒቨርሲቲው፥ በሰመራም ጭምር፥ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ እንዲማር ተደርጓል። እንግዲህ ይህን የተማረ አንድ ተመራቂ በሰርዶ ወይም በአሳይታ አስተማሪ ሆኖ ቢቆም፥ ልጆቹ የሚጠይቁት ስለ ሩቅ ዙፋን አይደለም። በ16ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ግድም የኢማም አሕመድ ወገኖች መንበራቸውን ከሐረር ወደ አውሳ ስለማዛወራቸው፥ የግብፅ ጦር አዛዥ የነበረው ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም. በአውሳ ምድር ስለመገደሉ፥ ድንቅነሽ በሐዳር በተገኘችበት በዚያው በ1967 ዓ.ም. የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ለምን እንደ ተሰደዱ ይጠይቁታል። ሰርዶን መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ያፈረሳት የመሬት መንቀጥቀጥ እንኳ አያቶቻቸው የሚያወሱት ነውና፥ የሥነ ምድር ሰዎች የመዘገቡትን ከአያቶች ቃል ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። የቃል ምስክርነት አሰባሰብን፥ ዐረብኛ መዛግብትን፥ የአፋርን ባሕል ያልተማረ እንደ ሆነ፥ ጉድለቱን የሚያውቀው ጋዋን ለብሶ ፎቶግራፍ በተነሣበት ቀን ሳይሆን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው የማስተማር ዓመት ነው። ስለዚህ በምረቃው ሳምንት የሚሞላው ወረቀት ብቻውን ግማሽ ምስክርነት ነው።

ግማሽ የሚያደርገውም ጊዜው ብቻ አይደለም። ውጤቱ ገና ያልተለጠፈ ተማሪ ከመምህሩ ወይም ከመምህሩ ወዳጅ እጅ ወረቀት ሲቀበል፥ ይሉኝታና ፍርሀት ተባብረው ሁሉንም «እጅግ በጣም ጥሩ» ያሰኙታል፤ መምህሩም በበኩሉ በአደባባይ የሚካሄደውን ግምገማ ከሹመትና ከሽረት ጋር እያያያዘ ስለ ኖረ፥ ጥያቄው ለእርማት ሳይሆን ለክስ የተሰናዳ ይመስለዋል። መድኀኒቱ ከክፍሉ ሙያ የራቀ አይደለም። የታሪክ መምህር የዜና መዋዕል ጸሓፊን ማን አስጻፈው፥ ለማን ጻፈ፥ በዐይኑ አየ ወይስ ሰማ ብሎ እንደሚመረምር ሁሉ፥ መጠይቁንም እንዲሁ ይመርምረው። አፋሮች ዳጉ በሚሉት ሥርዓት መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ፥ ሳይቸኩሉ ቆመው ወይም ተቀምጠው፥ ያዩትን ከሰሙት ለይተው ዜና ይለዋወጣሉ፤ ሰሚውም እየጠየቀ ያጠራዋል፥ ወደ ፊትም ያደርሰዋል። የተመራቂ ጥያቄም በዚህ ሥርዓት ቢካሄድ እመርጣለሁ፦ ውጤት ተለጥፎ ካለቀ በኋላ፥ ከክፍሉ ውጪ በሆነ ሰው፥ ስም ሳይጻፍ፥ «መምህሩ ጥሩ ነው?» ሳይሆን «የትኛውን ትምህርት ስታስተምር ተጠቀምክበት፥ የትኛውን ስትፈልግ አጣኸው?» እየተባለ።

ይህን ስል ተመራቂ ያለው ሁሉ ሕግ ይሁን ማለቴ አይደለም። ንባቡ በዛ፥ ግእዙ ከበደ፥ የታሪክ አጻጻፍ ዘዴ ምን ይሠራልናል የሚል ድምፅ በየዓመቱ ይሰማል፤ ይህን ሰምቶ የሚቀንስ ክፍል ተማሪውን ያስደስትና ሙያውን ይገድላል። ተመራቂው ስለ ደረሰበት ነገር እውነተኛ ምስክር ነው፤ ስለ መድኀኒቱ ግን መወሰን የመምህራን ጉባኤ ፈንታ ነው። ጉባኤውም ተወያይቶ ሲያበቃ ቃለ ጉባኤውን በመዝገብ ቤት ይዘጋዋል፤ ብዙ መጠይቅ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፥ የሞላው ሰው ምን እንደ ተደረገበት አይሰማምና፥ ታናሹም ይህን አይቶ ሲሞላ ያሾፋል።

ስለሆነም የታሪክ ትምህርት ክፍል ኀላፊዎችን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዘንድሮውን መጠይቅ ከማደላችሁ በፊት፥ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ካሳሰቡት የተለወጠውንና ያልተለወጠውን፥ ያልተለወጠውንም ከነምክንያቱ፥ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።