ማን ይቅደም? የጋዛን የተኩስ አቁም ውሎች ስለማንበብ

ስለ ጋዛ ተኩስ አቁም ሲወራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ተስማሙ ወይስ አልተስማሙም?» የሚል ነው። በዚህ ምዕራፍ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘን እንነሳ። እስራኤልና ሐማስ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ተስማምተዋል፤ እየደጋገመ ያፈረሳቸው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ቤት የሸጠ ወይም የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ሻጭ ብሩን ሳይቆጥር ቁልፉን አይሰጥም፣ ገዥም ቁልፉን ሳይጨብጥ ብሩን አይለቅም። እኛ አገር ውልና ማስረጃ መሃል ገብቶ ይገላግላል። ጋዛ ላይ ግን ያለው አደራዳሪ ብቻ ነው፤ ካታር፣ ግብፅና አሜሪካ። አሜሪካ ደግሞ የአንደኛው ወገን ዋና የጦር መሣሪያ አቅራቢ ናት።

ነገርን ከሥሩ ለማየት ወደ 1949 እንመለስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጋዛ ሰርጥ ራሱ የተኩስ አቁም ውጤት ነው። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 24 ቀን እስራኤልና ግብፅ በሮድስ ደሴት ሲፈራረሙ፣ የግብፅ ጦር የቆመበትን ቦታ ተከትሎ መስመር ተሰመረ። ወደ 41 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው፣ 365 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው መሬት ከዚያ መስመር ኋላ ቀረ። ውሉ መስመሩ የፖለቲካ ድንበር እንዳልሆነና የማንንም መብት እንደማይነካ በግልጽ ይናገራል። ያደራደሩት ራልፍ በንች በዓመቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። «ጊዜያዊ» የተባለው መስመር ግን ይኸው እስከ ዛሬ የዓለም ካርታ ላይ አለ። በዚህ ምድር ጊዜያዊ የሚል ቃል የተጻፈበትን አንቀጽ ሁለቱም ወገኖች በጥርጣሬ ቢያነቡ የሚያስወቅሳቸው አይመስለኝም።

ጥርጣሬውን ያከረሩት ሁለት ትዝታዎች ናቸው። የፍልስጤማውያኑ ከ1993 ይጀምራል። የፍልስጤማውያኑ መሪ ያሲር አራፋት ሴፕቴምበር 9 ቀን በጻፉት ደብዳቤ እስራኤል በሰላም የመኖር መብት እንዳላት ተቀበሉ፤ ሽብርንም አወገዙ። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በመልሳቸው የተቀበሉት የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት የሕዝቡ ወኪል መሆኑን ብቻ ነው፤ ስለ አገር አንዲት ቃል የለችበትም። ድንበሩ፣ ኢየሩሳሌም፣ ስደተኞቹ፣ ሰፈራዎቹ ሁሉ «ለመጨረሻው ድርድር» ተቀጠሩ። ያ ድርድር ከስምምነት አልደረሰም፤ ሰፈራዎቹ ግን ሰፉ። የእስራኤላውያኑ ትዝታ 2005 ነው። በዚያ ዓመት ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰፋሪዎችን ከጋዛ አስወጡ፣ ወታደሩንም አነሱ። በ2006 ሐማስ ምርጫ አሸነፈ፣ በ2007 ሰርጡን በጦር ያዘ፣ ሮኬቱም ቀጠለ። ጋዛ የአየር ክልሏንም ባሕሯንም አታዝዝም ነበርና ፍልስጤማውያን «ለቀን ወጣን» የሚለውን አይቀበሉትም። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ሁለቱም «ቀድሜ ሰጠሁ፣ ተከዳሁ» የሚል ታሪክ ይዘው መቀመጣቸው ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ጦርነት። በኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ መራሹ ጥቃት 1,200 ያህል ሰዎች ተገደሉ፣ 251 ታገቱ። የእስራኤል ምላሽ ደግሞ፣ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር እስከ 2025 መኸር በቆጠረው መሠረት ከ67,000 በላይ ፍልስጤማውያንን ገደለ። በኖቬምበር 2023 የተደረገው የመጀመሪያው ስምምነት አንድ ሳምንት ቆየ። ውሉ ቀላል ነበር፦ ሴቶችና ሕፃናት ታጋቾች ይለቀቁ፣ በምላሹ ሴቶችና ታዳጊ እስረኞች ይፈቱ፣ እርዳታ ይግባ። ስለ ጦርነቱ ፍጻሜ ስለማይናገር ለመፈረም አላስቸገረም፤ በዚያው ምክንያት ዕድሜው አጠረ።

አንባቢ ጊዜ ወስዶ ሊያጠናው የሚገባው የጃንዋሪ 2025ቱ ነው። ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። በመጀመሪያው፣ 42 ቀናት በሚቆየው ደረጃ፣ 33 ታጋቾች በሕይወትም በአስከሬንም ይመለሳሉ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ከእስር ይወጣሉ። በሁለተኛው የቀሩት ታጋቾች ይለቀቃሉ፣ የእስራኤል ጦር ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ጦርነቱም ያበቃል። የሁለተኛው ዝርዝር ግን አልተጻፈም፤ ከ16ኛው ቀን ሳያልፍ ድርድር ይጀመርበታል ነው የተባለው። ማለትም ቀላሉ ተፈረመ፣ ከባዱ ተቀጠረ። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንጃሚን ኔታንያሁ ሐማስ ጋዛን እየገዛ ጦርነቱን ማቆም አልፈለጉም፤ ቀኝ አክራሪ አጋሮቻቸውም መንግሥታቸውን እንደሚያፈርሱ ይዝቱ ነበር። ሐማስም ዋስትና ሳያገኝ የመጨረሻዎቹን ታጋቾች መልቀቅ ባዶ እጁን መቅረት ሆነበት። አርባ ሁለቱ ቀን ሲያልቅ እስራኤል የመጀመሪያው ደረጃ ይራዘምና ታጋቾች ይጨመሩ አለች፤ ሐማስ ሁለተኛው ይጀመር አለ። ማርች 2 ቀን እርዳታ ተዘጋ፣ ማርች 18 ሌሊት ድብደባው ተመለሰ። ጋዛ ውስጥ በዚያ አንድ ሌሊት ከ400 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነገረ።

የስም ዝርዝሩ ራሱ የቅደም ተከተል ፖለቲካ ነበር። ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕሙማን ይቅደሙ ተባለ፤ ወንድ ወታደሮች ዋጋቸው ስለሚበልጥ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተገፉ። ከ33ቱ መካከል ኢትዮጵያ ተወልዶ አሽቀሎን ያደገ፣ በ2014 አጥሩን አልፎ ጋዛ የገባ የአእምሮ ሕመምተኛ ይገኝበታል። ከአሥር ዓመት በላይ ተይዞ ፌብሩዋሪ 2025 ተፈታ። ቤተ እስራኤላውያን «ልጃችን ነጭ ቢሆን ይህን ያህል ይረሳ ነበር?» እያሉ ለዓመታት ሰልፍ ወጥተውለታል። ጥያቄያቸው ከሐማስ ይልቅ የራሳቸውን መንግሥት የሚነካ ነበር።

ከታጋቾቹ ሌላ ሐማስ በእጁ ያለው መያዣ መሣሪያው ነውና፣ እዚህ ላይ ክርክሩ ወደ ትጥቅ ይዞራል፣ ከትጥቅ ጋርም አረቦች «ሙቃወማ» ወደሚሉት ትግል። ሐማስ መሣሪያው የትግሉ መብት እንጂ የድርድር ዕቃ አይደለም ይላል። የዓለም አቀፍ ሕግ መልስ ሁለቱንም ጎራ አያስደስትም። በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል ባዕድ ወረራን የሚዋጉ ሕዝቦችን ትግል ይቀበላል፤ እስራኤል ግን አልፈረመችውም። የዓለም ፍርድ ቤትም በጁላይ 2024 የእስራኤል ይዞታ ሕገ ወጥ ነው የሚል የምክር አስተያየት ሰጥቷል። ይሁንና ለመታገል መብት ያለው ሰላማዊ ሰውን ለመግደልም ሆነ ለማገት መብት የለውም፤ ራሴን እከላከላለሁ የሚል መንግሥትም ሕዝብን ማስራብ አይፈቀድለትም። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2024 በኔታንያሁ፣ በቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር በጋላንትና በሐማስ የጦር አዛዥ በመሐመድ ዴይፍ ላይ በአንድ ቀን የእስር ማዘዣ ያወጣው በዚህ ሚዛን ነው።

ትግል ሲባል ጠመንጃ ብቻ የሚታየው ሰው ደግሞ ግማሹን ታሪክ ይዘላል። በዲሴምበር 1987 የፈነዳው የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ የሥራ ማቆም አድማና የእስራኤልን ሸቀጥ አለመግዛት ነበረበት፤ የቤት ሳሁር ከተማ ነዋሪዎች ግብር አንከፍልም ብለው ዕቃቸው ተወርሷል። በ2018 ከጋዛ ወደ አጥሩ የተደረገውም ሰልፍ አብዛኛው ተሳታፊው መሣሪያ አልያዘም፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቶበታል። ሰላማዊው መንገድ ፍሬ ሳያፈራ በቀረ ቁጥር የታጣቂው ክርክር ይጠነክራል። ይህን ማለት ታጣቂውን ማጽደቅ አይደለም፤ ለምን ተከታይ እንደሚያገኝ መረዳት ነው።

የኦክቶበር 2025ቱ ስምምነት ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። በዶናልድ ትራምፕ ባለ 20 ነጥብ ዕቅድ መሠረት በሕይወት የቀሩት 20 ታጋቾች በአንድ ቀን፣ ኦክቶበር 13፣ ተለቀቁ። ሐማስ ትልቁን መያዣውን ቀድሞ ሰጠ። የእስራኤል ጦር ግን «ቢጫ መስመር» ከተባለው ኋላ፣ ከሰርጡ ከግማሽ በላይ በሆነ መሬት ላይ ቆመ፤ ቀሪው አወጣጡ ከጋዛ ትጥቅ መፍታት ጋር ታሰረ። ስለዚህ ለሐማስ የቀረው ዋና መያዣ መሣሪያው ሆነ። የጸጥታው ምክር ቤት በኖቬምበር ወር ዕቅዱን በውሳኔ 2803 ሲደግፍ ሐማስ ውሳኔውን ያልተቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። እስራኤል ደግሞ ታጥቆ የቀረ ሐማስ ኦክቶበር 7ን ይደግመዋል ትላለች።

ትጥቅ አፈታት በሌላ አገር እንዴት እንደሄደ ማየት ይጠቅማል። በሰሜን አየርላንድ ስምምነቱ የተፈረመው በኤፕሪል 1998 ሲሆን የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር መሣሪያውን ከጥቅም ውጭ አድርጎ መጨረሱ የተረጋገጠው በ2005 ነው። በመካከሉ እስረኞች ተፈቱ፣ የጋራ መንግሥትም ቆመ፤ መንግሥቱ በትጥቁ ጉዳይ ደጋግሞ ታግዷል። እዚያ የፖለቲካው ድርሻ በውሉ ተጽፎ፣ መሣሪያው ከኋላ እየጎተተ መጣ። በትራምፕ ዕቅድ ግን ትጥቁ ከፊት ነው፤ ፍልስጤማውያን ወደ ራሳቸው አገር የሚደርሱበት መንገድ የተጠቀሰው ከመጨረሻዎቹ ነጥቦች በአንዱ፣ ጋዛ ዳግም ስትገነባና የፍልስጤም አስተዳደር ሲታደስ «ሊኖር ይችላል» በሚል አነጋገር ነው።