ስለ ጥምቀት ሌሊት ብርድ

በዓል ሰውን ሁሉ በአንድነት ይሰበስባል፤ ብርድ ግን ልብስ ያለውንና የሌለውን ይለያል። ይህም በጥምቀት ሌሊት ይታያል።

በጎጃም ደጋ፥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። በእርስዋም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ አገር ጥር 10 ቀን ከተራ ነው። በዚያ ቀን ታቦታት በካህናት ራስ ላይ ሆነው፥ ጃንጥላ ተዘርግቶላቸው፥ ሕዝቡም እየዘመረና እልል እያለ ወደ ውኃ ይወርዳሉ፤ በድንኳንም ያድራሉ። ካህናቱ ሌሊቱን በምስጋና ሲተጉ ከሕዝቡም ብዙው በሜዳው ላይ ያድራል። በማግሥቱ ጥር 11 ቀን ውኃው ተባርኮ ለሕዝቡ ይረጫል።

በዚህ ወራት ግን የደጋው ሌሊት እጅግ ይበርዳል። አንደኛው ምክንያት የምድሩ ከፍታ ነው። አገር ከፍ ባለ መጠን አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የጎጃም ታላቅ ተራራ ጮቄም 4000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሁለተኛው ምክንያት የሰማዩ ጥራት ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትሰዳለች። በክረምት ደመናው እንደ ልብስ ሆኖ ሙቀቷን ይጠብቅላታል፤ በጥር ግን ደመና ስለሌለ ሙቀቷ ቶሎ ያመልጣታል። ሦስተኛውም፥ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳልና፥ እንደ ውኃ ከኮረብታው ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የወንዙ ዳር ከኮረብታው ይልቅ ይበርዳል። ብርዱም የሚጸናው ሊነጋ ሲል ነው።

ብርዱ ሲጸና በሣሩ ላይ እንደ ዱቄት የነጣ ነገር ይታያል፤ ስሙም አመዳይ ነው። ብዙ ሰዎች እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው የውኃ እንፋሎት፥ ከ0 ዲግሪ በታች በቀዘቀዘው ሣር ላይ ረግቶ በረዶ የሆነ ነው።

ሰው ይህን ብርድ በጋቢ ይከላከላል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። እርሱ ራሱ ሙቀት የለውም፤ በእጥፎቹ መካከል አየር ይዞ የለባሹ ሙቀት እንዳይሸሽ ይከለክላል እንጂ። የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው የበግ ደበሎም በጠጉሩ መካከል አየር ስለሚይዝ እንዲሁ ያሞቃል። ሰው ሲበርደው መንቀጥቀጡም በከንቱ አይደለም፤ ሥጋው ሲንቀሳቀስ ሙቀት ይሠራልና። የሚያሸበሽብና የሚጨፍርም በዚሁ ምክንያት ይሞቀዋል። በሜዳ እሳት ማንደድ መልካም ነው፤ ነገር ግን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም መርዝ አለውና።

ከዚህ የሚብስ ብርድ ባለበት አገርም በዓል ይከበራል። በሩስያ ኦርቶዶክሳውያን ክርስቲያኖች ጥምቀትን የሚያከብሩት በዚሁ ወራት ነው፤ ወንዞቻቸው ግን ላያቸው በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ስለዚህ በረዶውን በመስቀል አምሳል ይቈርጡና ከውኃው ሦስት ጊዜ ጠልቀው ይወጣሉ። በቻይና አገር በሐርቢን ከተማም በ1977 ዓ.ም. የተጀመረ ታላቅ የበረዶ በዓል አለ። ሠራተኞች የወንዙን በረዶ እንደ ድንጋይ እየቈረጡ ቤትና ግንብ ይሠራሉ፤ በውስጡም መብራት ያበራሉ። በዚያ ብርዱ ከ0 በታች 20 ዲግሪና ከዚያም የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ሊያይ የሚሄድ ሰው ወፍራም ልብስ ይደራርባል፤ ሳይለብስ ቢሄድ ጣቱና ጆሮው በብርድ ሊሞት ይችላልና።

እንግዲህ ወደ በዓል የሚሄድ ሁሉ ብርዱን ያገኘዋል፤ ጋቢ ያለው ግን ሁሉም አይደለም። በውኃው ዳር ከሚያድሩት መካከል ድኻ፥ ሽማግሌ፥ እናትና አባት የሌለው ልጅም ይገኛል። ባለ ጋቢው ብቻውን ተጠቅልሎ ቢተኛ ጎረቤቱ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። አንዱን ጋቢ ለሁለት ቢለብሱት ግን ባለቤቱ አይጐዳም፤ የአንዱ ሥጋ ሌላውን ያሞቃልና። እንጀራውን ለሁለት የሚቈርስ ሰው እኩሌታው ይቀርበታል፤ ሙቀቱን የሚያካፍል ግን ራሱም ይበልጥ ይሞቀዋል።

ስለዚህ ወደ ከተራ የሚወርድ ልጅ አስቀድሞ ልብሱን ያዘጋጅ። ከመተኛቱም በፊት ቀኙንና ግራውን ይመልከት፤ የታረዘ ቢያገኝ ወደ ጋቢው ያስጠጋው። እንዲህ ቢያደርግ ሁለቱም ደኅና ያነጋሉ፥ በማግሥቱም አብረው ይዘምራሉ።