የወር ሪፖርት በኮምፒዩተር፦ ከጤና ጣቢያ ሠንጠረዥ እስከ ማዕከላዊ ሰርቨር

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ካለፈ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሰማሩ፣ ከሕክምናው ጎን ለጎን በሽታን መቁጠርና መመዝገብም የሥራቸው አካል ነበር። ዛሬ ከደምቢያ ሜዳ እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጋ የሚደረገው ይኸው ቆጠራ ከመዝገብ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከኮምፒዩተርም ወደ ማዕከላዊ ሰርቨር ይተላለፋል። የአንድ ወረርሽኝ በጊዜው መታወቅ ከባለሙያው ዕውቀት ባልተናነሰ በቁጥሩ ትክክለኛነት የሚወሰን በመሆኑ፣ ቁጥሩ የሚያልፍበትን መሣሪያ ጠባይ ማወቅ ለጤና ባለሙያ ትርፍ ነገር አይደለም።

ሰርቨርና የመረጃ ቋት

ሰርቨር ማለት በኔትወርክ ለተገናኙ ሌሎች ኮምፒዩተሮች አገልግሎት የሚሰጥ፣ መረጃንም በአንድ ቦታ የሚያኖር ኮምፒዩተር ነው። በኢትዮጵያ የጤና መረጃ ሥርዓት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሶፍትዌር በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው። ሶፍትዌሩ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀና ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችል ሲሆን፣ በብዙ ታዳጊ አገሮች ያገለግላል። ባለሙያው ቁጥሩን በብራውዘር ያስገባል፤ ቁጥሩ በሰርቨሩ የመረጃ ቋት ይቀመጣል፤ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉና ሚኒስቴሩም ያንኑ አንድ ቁጥር ያያሉ።

ይሁን እንጂ ሰርቨር የተሰጠውን ያኖራል እንጂ መዝገቡን አያገላብጥም። በጤና ጣቢያው ኤክሴል ላይ የተፈጠረ ስሕተት ሳይታረም ከተላከ እስከ ሚኒስቴሩ ድረስ ይዘልቃል። ስሕተቱ በብዛት የሚፈጠርባቸው ቦታዎች ደግሞ የታወቁ ናቸው።

የቀን አቆጣጠር

ኤክሴል የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሲገባለት ሳይጠይቅ እንደ አውሮፓውያን ቀን ይቆጥረዋል። ለምሳሌ ጥቅምት 30 ቀን 2016 በቁጥር 30/2/2016 ተብሎ ቢጻፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ኮምፒዩተሩ ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ቀን ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ያለውን ወደ ግራ አስጠግቶ ያሳያል።

የበለጠ አሳሳቢው ግን ኮምፒዩተሩ ቀኑን ተቀብሎ የተሳሳተ ሒሳብ ሲሠራ ነው። ከነሐሴ 30 ቀን 2012 እስከ መስከረም 1 ቀን 2013 ያለው ልዩነት ጳጉሜን 5 ቀን ስለነበረች 6 ቀን ነው። ቀን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ኤክሴል ግን ከዲሴምበር 30 እስከ ጃንዋሪ 1 ቆጥሮ 2 ቀን ይላል። ቀጠሮው ያለፈበትን የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ወይም የሁለተኛ ክትባት ጊዜው የደረሰ ሕፃን ከዝርዝሩ ለመለየት ለሚፈልግ ሠራተኛ የአራት ቀን ስሕተት ትንሽ አይደለም።

መፍትሔው ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በተራ ቁጥር መጻፍ ነው። የቀን ልዩነት ማስላት ሲያስፈልግ ዓመቱን በ365 ማባዛት፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር መደመር፣ ወሩን በ30 አባዝቶ መጨመር፣ በመጨረሻም ቀኑን መደመር ይበቃል። ከላይ የተጠቀሰው ነሐሴ 30 በዚህ ስሌት 735,273፣ መስከረም 1 ደግሞ 735,279 ይሆናል፤ ልዩነታቸውም ትክክለኛው 6 ነው። ቀመሩ የጳጉሜን 6ኛ ቀን ያለበትንም ዓመት በትክክል ያሰላል።

ጳጉሜን በሪፖርት ንባብም ላይ ጥንቃቄ ትሻለች። የወሩ ሪፖርት ካለፈው ወር 21 እስከ ተያዘው ወር 20 ያለውን ጊዜ የሚሸፍን በመሆኑ፣ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ሪፖርት 35 ወይም 36 ቀን ይይዛል። ወቅቱ ክረምቱ አልፎ የወባ በሽተኛ መብዛት የሚጀምርበት ነው። በመስከረም ሪፖርት 350፣ በጥቅምት 300 በሽተኛ የመዘገበ ጤና ጣቢያ ቢኖር በሽታው የቀነሰ ይመስላል፤ በቀን ሲካፈል ግን በሁለቱም በቀን 10 ነው። ስለዚህ የመስከረምን ቁጥር ከሌሎች ወራት ጋር ማነጻጸር የሚገባው በቀን አካፍሎ ነው።

ስምና የካርድ ቁጥር

ለአንባቢ «ኃይሌ»፣ «ሀይሌ»፣ «ሃይሌ» እና «ሐይሌ» አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን አራት ሰዎች ናቸው። በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀ መካከል የሚደረግ የአጻጻፍ ልዩነት ሁሉ አንዱን ታካሚ ሁለት ጊዜ ያስቆጥራል፤ የቀድሞ ካርዱም ተፈልጎ እንዳይገኝ ያደርጋል። እያንዳንዱ ተቋም ለስም አጻጻፍ አንድ ደንብ ቢያወጣና የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሁሉ ቢጠብቁት ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል። የታካሚው ዋና መለያ ግን የካርድ ቁጥሩ መሆን አለበት።

የካርድ ቁጥርም ቢሆን ወጥመድ አለበት። 004512 ተብሎ የተጻፈውን ኤክሴል 4512 ያደርገዋል። ዓምዱ ከመሞላቱ በፊት የጽሑፍ ዓምድ እንዲሆን ቢታዘዝ ዜሮዎቹ አይጠፉም። በተቃራኒው በሚደመር ዓምድ ውስጥ «45 ሰው» ተብሎ ቢጻፍ የመደመሪያው ቀመር ያንን ሳጥን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ድምሩም ይጎድላል።

የአማርኛ ፊደል ራሱ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ፋይሎች ያው ፕሮግራም በሌለው ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለ የቆየ መረጃ ያለው ተቋም የሚያነበው ኮምፒዩተር ከመበላሸቱ በፊት ወደ ዩኒኮድ ቢለውጠው ይመረጣል።

የሠንጠረዥ ወሰን

ኤክሴል የመረጃ ቋትን ሥራ እንዲሠራ አልተዘጋጀም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ቀን 2020 በእንግሊዝ አገር 15,841 የኮቪድ-19 ሕሙማን ከዕለታዊው ቆጠራ ውጪ ቀርተው ነበር። ምክንያቱ መረጃው ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ በማይችለው የቀድሞው የኤክሴል ፋይል ዓይነት መተላለፉ ነበር። ትርፉ ረድፍ ተቆርጦ ሲቀር ከሕሙማኑ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የማፈላለጉ ሥራም ዘገየ። አዲሱ የፋይል ዓይነት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል።

በአንድ ጤና ጣቢያ ይህን ያህል ረድፍ አይሞላም። በጤና ጣቢያ የሚያሰጋው አንዱን ዓምድ ብቻ መርጦ በፊደል ተራ መደርደር ነው። ስሞቹ ቦታቸውን ሲለቁ የላቦራቶሪው ውጤት በነበረበት ይቀራል፤ የአንዱ ውጤትም ለሌላው ይሆናል። ሠንጠረዡ በሙሉ ሳይመረጥ መደርደር አይገባም።

መብራት፣ ኔትወርክና ቅጂ

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል በዘለቀ ጊዜ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ነበር። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ኔትወርክ በሌለ ጊዜ የገባውን ቁጥር በብራውዘሩ ውስጥ አቆይቶ ግንኙነቱ ሲመለስ መላክ ይችላል። ሆኖም ቁጥሩ ሳይላክ የብራውዘሩ ማኅደር ከተጠረገ መረጃው ይጠፋል። ስለሆነም ኔትወርክ እስኪመለስ ድረስ ብራውዘሩን አለማጽዳት፣ የወረቀት ሪፖርቱንም በፋይል ማቆየት ያስፈልጋል።

ለቅጂ አያያዝ የሚከተሉት ይጠቅማሉ፦

1. ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት መሣሪያ መያዝና አንዱን ከተቋሙ ውጪ ለምሳሌ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማኖር።
2. ኤክሴል ራሱ የሚይዘው የመጠባበቂያ ቅጂ በመደበኛው በየ10 ደቂቃው ስለሆነ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ጊዜውን ማሳጠር።
3. ፍላሽ ዲስክን ከመክፈት በፊት በጸረ ቫይረስ መመርመር።
4. የታካሚ ስም ያለበትን ፋይል በይለፍ ቃል መቆለፍና በቴሌግራም ከመላክ መቆጠብ።

በተጨማሪም ማይክሮሶፍት ለኦፊስ 2016፣ ለኦፊስ 2019 እና ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። አዲስ መግዛት ለማይችል ተቋም ሊብረ ኦፊስ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ሲሆን የኤክሴልን ፋይል ይከፍታል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች አብዛኛዎቹ ገንዘብም ሆነ ልዩ ሥልጠና አይጠይቁም። ሪፖርት ከመላኩ በፊት የሠንጠረዡን ድምር ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ብቻውን ብዙውን ስሕተት ያጋልጣል። በሰርቨር ላይ የሚታየው ቁጥር የሚታመነው በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ መዝገቡን ከፍቶ የቆጠረው ባለሙያ በትክክል ከቆጠረና በትክክል ከጻፈ ነው።