ከመስመር በላይ ያለው ጽሕፈት፦ ድጓና ቁም ጽሕፈት በጋይንት

የእጅ ጽሕፈት ጥበብ ሲነሣ ቀድማ የምትጠቀሰው ቻይና ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የቻይና ቁም ጽሕፈት፣ ብሩሹ ሲጫን በሚወፍረውና ሲላላ በሚቀጥነው መስመር የጸሐፊውን ጠባይ እንዲገልጥ ይጠበቅበታል። የእኛ ቁም ጸሐፊ የሚመሰገነው ግን በተቃራኒው ነው፤ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ፊደሉ ልኩን ካልለቀቀ። የዚህን ምክንያት ከድጓ የተሻለ የሚያስረዳ መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምም የምትገኘው በጋይንት ነው።

በዝግጅቱ ድጓ ከሌላው የብራና መጽሐፍ እምብዛም አይለይም። የፍየል ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል። መስመሩ በቀለም አይሰመርም፤ ዳርና ዳሩ በወስፌ ተበስቶ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይጫራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ይውላል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል።

ልዩነቱ የሚጀምረው በመስመሮች መካከል ከሚተወው ቦታ ነው። ጸሐፊው የዜማውን ቃል ከጻፈ በኋላ ቀጭን ብዕር ይዞ ይመለሳል፤ ከቃሉ በላይ ምልክቱን ያሰፍራል። ይህን የምልክት ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደትና ቁርጥ በነጥብና በጭረት ይጻፋሉ። ከእነዚህ ሌላ ከታወቁ የዜማ ቃላት ተቆርጠው የተወሰዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፊደላት አሉ፤ አንዷ ፊደል አንድን ሙሉ የዜማ ስልት ለሚያውቀው ታስታውሰዋለች። ለማያውቀው ምንም አትነግረውም።

እንግዲህ ድፋቱ በአንድ ፊደል ቢያልፍ ድምፁ ያለቦታው ይወድቃል። ዋናው ፊደል ቢሰፋ ደግሞ ለምልክቱ ቦታ ያጣል። የጸሐፊው ራስን መደበቅ ትሕትና ብቻ ሳይሆን ሥራው የሚያስገድደው ነገር ነው ለማለት የሚያስደፍረኝ ይህ ነው።

በቀድሞው ልማድ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይገለብጥ ነበር። ይህ መጽሐፍ የማግኛ መንገድ ብቻ አልነበረም፤ ጆሮው የያዘውን እጁ ይመረምርበታል፤ የተሳሳተውን በቢላ ጫፍ ፍቆ ያርማል። ዛሬ የታተመ ድጓ ይገኛል፤ ለድኻ ተማሪ የዓመታት ድካም ይቀንስለታልና የሚጠላ ነገር አይደለም። ሆኖም ኅትመቱ የሚሰጠው ያለቀውን ገጽ ነው። ቃሉ ከምልክቱ መቅደሙን፣ ቦታው አስቀድሞ በምን ልክ እንደሚገመት፣ ብዕሩ ለምልክቱ እንዴት እንደሚቀረጽ አያሳይም። እነዚህ ያሉት በጸሐፊዎቹ እጅ ነው፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚደረግ ጥናትም ከመጽሐፎቹ ቆጠራ በፊት እጃቸው ሲሠራ ቢመዘግብ የተሻለ ነው።