ታድሶ የተቀመጠ ሞተር

የአውቶሞቢል ሞተር ተፈትቶ ታድሶ ከተገጣጠመ በኋላ በዚያው ቀን በመኪናው ላይ የሚገጠም ቢሆን ኖሮ፤ ስለ አቀማመጡ ብዙ መናገር ባላስፈለገም ነበር። ነገር ግን ሥራው ኹልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ሞተሩ ሲያልቅ የፍሪሲዮኑ ዕቃ ይጎድላል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደሴ እስኪገባ ይጠበቃል፤ እርሱ ሲገኝም የባለመኪናው ገንዘብ ያልቃል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰባቸው ጊዜ ደግሞ የአዲስ አበባው መንገድ እስከ ኅዳር መጨረሻ ተቋርጦ ነበር። ለሳምንት የታሰበው ነገር ለወራት ሊቆይ መቻሉን ለማስረዳት ይኸው ይበቃል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴም ዝናቡና ጉሙ አይለያትም። ብረት ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጧት ርጥበት ያለው አየር ሲሞቅ በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለችና ሞቃት ብትሆንም ክረምቱ እርሷንም አይተዋትም። አዲስ የተስተካከለ ሲሊንደር ደግሞ ራቁቱን የቆመ ብረት ነው። ሲገጣጠም የተቀባው ዘይት ከቀን ወደ ቀን ወደ ታች እየወረደ ይሳሳል፤ በዚያ ጊዜ ዝገት ይገባል። ዝገቱ የቆፈረው ጥቂት ጕድጓድ ፋሻውን ይበላዋል፤ ሞተሩም ገና በመጀመሪያው የሐረጎ ዳገት ላይ ዘይት እያቃጠለ ይጨሳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣው የመለዋወጫ ዕቃ ተወዷልና፤ ይኽን ሥራ ኹለት ጊዜ መክፈል ለብዙው ሰው የሚቻል አይደለም።

እንግዲህ ሞተሩ በሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ በጠንካራ እንጨት ላይ ይደላደላል እንጂ። ክብደቱም በዘይቱ ማጠራቀሚያ ላይ ማረፍ የለበትም፤ ቆርቆሮው ስስ ስለ ሆነ ከተጨፈለቀ ዘይት የሚስበውን ቧንቧ ያፍናል። በየካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ይጨመርና ካንዴላዎቹ ተመልሰው ይገጠማሉ። የአየሩና የጭሱ መውጫዎች አይጥና አቧራ እንዳይገባባቸው ይከደናሉ። በጨርቅ የሚወትፍ ሰው ግን የጨርቁን ጫፍ በውጭ አስረዝሞ ይተው፤ የተረሳ ጨርቅ ከዝገት የማያንስ ጠላት ነውና። ብዙዎች ሞተሩን በላስቲክ ጠቅልለው ጥብቅ አድርገው ያስሩታል፤ ይኽ ርጥበቱን ከውስጥ ማሰር ነው። ላስቲኩ ከላይ ሸፍኖ ከታች አየር ቢያስገባ ይሻላል።

ሞተሩን በየሳምንቱ በእጅ ማዞር ይገባል የሚሉ መካኒኮች አሉ። ነገሩ ለጥቂት ሳምንት ከሆነ ባይነካ ይመረጣል፤ በተዞረ ቍጥር ቫልቮላዎቹን በሚያነሣው ዘንግ ላይ የተቀባው ወፍራም ዘይት ይጠረጋልና። ለወራት የሚቆይ ከሆነ ግን በቅድሚያ በሲሊንደሮቹ ዘይት ጨምሮ፤ በሚሠራበት አቅጣጫ ከአንድ ዙር ጥቂት አሳልፎ መተው ነው። የተጨመረው ዘይትና ቀኑ በወረቀት ተጽፎ በሞተሩ ላይ ቢታሰር ለሚገጥመው ሰው ይጠቅማል።

የመግጠሙም ቀን ሲደርስ ክዳኑና ጨርቁ ኹሉ ተቈጥሮ ይወጣል። ቤንዚኑ ተዘግቶ፤ የካንዴላዎቹም ገመድ ተነቅሎ፤ ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፤ በሲሊንደር የተረፈው ዘይት በዚያ ይወጣል። ከዚያም የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሣ ድረስ ሞተሩ በሞተሪኖ ጥቂት በጥቂት ይዞራል፤ ካንዴላው የሚመለሰውና እሳት የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።