ነፋሱ ነው ወይስ እኔ?

በአገራችን «የተኳሽ ዘር ነኝ» የማይል ሰው ጥቂት ነው። እኔም ከባዮቹ ወገን ነበርሁ። አያቴ በአንድ ጥይት አንድ ድኩላ ይጥሉ እንደ ነበር በቤታችን ሲነገር እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ተኩስ በደም የሚወረስ እንጂ በትምህርት የሚገኝ ነገር አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ለትምህርት በነበርሁበት ዓመት ጓደኞቼ ለጀማሪዎች በሚሰጠው የሩቅ ዒላማ ተኩስ ትምህርት እንድመዘገብ ሲጋብዙኝ፣ የሄድሁት ለመማር ሳይሆን ለማሳየት ነው ብል ከእውነት አልራቅሁም።

ሥፍራው ቢዝሊ ይባላል። ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ ውድድሩን የሚያደርግበት ሜዳ ነው። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ውድድር ያደረገው በ1860 በዊምብልደን ሲሆን፣ የመክፈቻዋን ጥይት የተኮሱት ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። ጠመንጃው በማቆሚያ ላይ ታስሮ አስቀድሞ ተነጣጥሮ ስለ ነበር፣ የንግሥቲቱ ሥራ ከቃታው ጋር የተያያዘውን የሐር ገመድ መሳብ ብቻ ነበር። ጥይቷም በ400 ያርድ ርቀት ከዒላማው እምብርት አጠገብ ዐረፈች። ይህን ታሪክ ስሰማ ሳቅሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እስከ ምሳ ድረስ አንዲት ጥይት አልተኮስንም። አስተማሪያችን በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ጠመንጃ ሁሉ ጥይት እንደ ጎረሰ ተቆጥሮ እንዲያዝ፣ አፈሙዙ ከዒላማው አቅጣጫ ፈጽሞ እንዳይዞር፣ ለመተኮስ ካልተዘጋጁ ጣት ወደ ቃታው እንዳይገባ ደጋግመው አስተማሩን። ተኩስ ሲያበቃም ጠመንጃው ተከፍቶ ባዶነቱን ሌላ ሰው አይቶ ሳያረጋግጥ ከመስመሩ አይነሣም። ከሰዓት በኋላ በደረት ተኝተን፣ ማንገቻውን በግራ ክንዳችን ላይ አጥብቀን፣ ትንፋሽ ገታ አድርገን ቃታውን ቀስ ብሎ መጫንን ተለማመድን። በ300 ያርድ ደህና አድርጌ ስለ መታሁ የአያቴ ደም መሥራቱን አልተጠራጠርሁም።

በማግሥቱ ስቲክልዳውን ወደሚባለው፣ እስከ 1,200 ያርድ ወደሚተኮስበት ሜዳ ወሰዱን። እኛ የተኛነው በ1,000 ያርድ፣ ማለትም በ914 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ሆነው ሲያዩት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የ5 ነጥቡ ክብ ከነጭራሹ አይታይም። የ7.62 ሚሊ ሜትሩ አረር እዚያ እስኪደርስ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ይፈጃል። በዚህች ጊዜ ውስጥ የምድር ስበት ዘጠኝ አሥር ሜትር ያህል ያወርደዋል፤ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጎን ነፋስ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ይገፋዋል። ስለዚህ ተኳሹ ባንዲራዎቹን ያያል፤ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት እንደ ጅረት ሲፈስ በመነጽር ተመልክቶ ወዴት እንደሚያዘነብል ይለካል፤ በዚያም ልክ ማነጣጠሪያውን ያዞራል። ማነጣጠሪያው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሲል አረሩ የሚያርፍበት ቦታ በዚያ ርቀት ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ይዛወራል።

ከተተኮሰ በኋላ፣ ከዒላማው ሥር በጉድጓድ ውስጥ የተከለሉት ሰዎች ሰሌዳውን አውርደው በቀዳዳው ላይ ምልክት ሰክተው ይመልሱታል። የአስተማሪያችን ትእዛዝ እንግዲህ በዚህች ጥቂት ጊዜ ላይ ነበር፤ ሰሌዳው ሳይመለስ ጥይቱ የት እንደ ሄደ መናገር ግዴታ ነው። በደብተራቸው በግራ በኩል የእኛን ቃል፣ በቀኝ በኩል የሰሌዳውን ምስክርነት ይጽፋሉ።

ሁለቱን የሙከራ ጥይቶች ተኩሼ ከሚቆጠሩት ዐሥር የመጀመሪያዋን ስለቅ ቃታውን ነጠቅሁት። መንጠቄ ታውቆኛል፤ ነገር ግን «መሐል» አልሁ። ሰሌዳው ሲወጣ ምልክቱ በስተ ቀኝ ወደ ታች ሆኖ 3 ነጥብ አገኘሁ። «ነፋሱ ነው» አልሁ። እርሳቸው አልተከራከሩኝም፤ ባንዲራው ከቅድሙ አለመለወጡን በጣታቸው አሳይተው ጻፉ። እኔም በአሳቤ የፈጠርሁትን ነፋስ ለማረም ማነጣጠሪያውን ስድስት ጊዜ ወደ ግራ አዞርሁ። ሁለተኛዋን ያለ ምንም ጥፋት፣ እንደ ተማርሁት ተኮስሁ፤ እርስዋ ደግሞ በስተ ግራ ወጣች። በአጠገቤ የተኛችው ተማሪ በዚያው ነፋስ 5 ነጥብ ስትመታ ፊቴ ጋለ።

በዚህ ጊዜ የንግሥቲቱ ታሪክ ገባኝ። የታሰረ ጠመንጃ ሰበብ አያውቅም። የእኔ ውሸት ግን ያለፈውን ስሕተት አልሸፈነም፤ የሚቀጥለውን ትክክለኛ ጥይት አበላሸ። ገና ሥራ ለጀመርን ወጣቶች ይህ ከተኩስ ሜዳ ውጭም የሚሠራ ይመስለኛል። በቢሮ ሆነን የራሳችንን ጉድለት በበጀትና በጊዜ ማነስ አሳበን የምንጽፈው ሪፖርት፣ አለቃችን ደኅናውን ማነጣጠሪያ እንዲያዞር ያደርገዋል።

በሰባተኛዋ ጥይት ላይ እንደገና ቃታውን ነጠቅሁ። ላብ በላብ ሆኜ «የእኔ ጥፋት ነው፤ ወደ ቀኝ፣ ታች ሄዳለች» አልሁ። ሰሌዳው ሲወጣ ምልክቱ ካልሁት ቦታ ነበረ። አስተማሪያችን ስለ 5 ነጥቦቼ አንድ ቃል ያልተናገሩ ሰው፣ በዚህች 3 ነጥብ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት ከ50 ነጥብ 33 ነበር።

ማታ ለአባቴ ስልክ ደወልሁ። «የአያትህን ስም አስጠራህ?» አሉኝ። ውጤቱን ነገርኋቸው።

«ነፋስ ነበር እንዴ?»

«ነፋስስ ነበረ፣ አባባ። የሳትሁት ግን እኔ ነኝ።»

ጥቂት ዝም ብለው «እሳቸውም የሳቱትን ይናገሩ ነበር፤ የመቱትን ብቻ ያወራን እኛ ነን» አሉኝ።